ከመቁረጥ በፊት ማሰር

ሙያ ለቤታችን፦ ቋሚ ዓምድ

 

ለዛሬ ያሰብነው ስለ ከሰል ምድጃ ነበር። ነገር ግን ከካኩማ አንድ ደብዳቤ ደረሰንና ምድጃውን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆየነው። ደብዳቤውን የጻፉልን እናት ናቸው። ልጃቸው አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከትምህርት መልስ የተሰበረ አልጋ ይጠግናል፣ የወንበር እግር ያስተካክላል፣ የውሃ ቱቦ ይቀጥላል። በሚያገኛት ሳንቲም ለቤቱ ስኳርና ሳሙና ይገባል። ባለፈው ወር ታዲያ የአልጋ ቱቦ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ በግራ እጁ ይዞ ሲቆርጥ መጋዙ ዘለለና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ ዘነጠለው። ክሊኒክ ሄዶ ተሰፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል።

እናት ግን እንቅልፍ አጡ። «ልጄ፣ ምከረኝ እስቲ» ይላሉ በደብዳቤያቸው። «መጋዙን ልሽጠው ብል ስኳሩ ይቀራል። ልተወው ብል እጁ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ ካሙኩንጂ ሄድኩ።

የኃይለኛ ፀሐይ ሠራተኞች

ናይሮቢን የማታውቁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ጥቂት ልንገራችሁ። ካሙኩንጂ ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ከማቻኮስ አውቶቡስ መናኸሪያና ከጊኮምባ ገበያ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የብረት ሠራተኞች ሰፈር ነው። ገና ሳትደርሱ የመዶሻው ድምፅ ይቀበላችኋል። ድስቱ፣ ዶማው፣ ጂኮ የሚሉት የከሰል ምድጃ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎች የሚይዙት የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሁሉም እዚያ በእጅ ይሠራል። አብዛኛው ብረት ደግሞ አዲስ አይደለም። አሮጌ በርሜልና የተጣለ ላሜራ ነው።

እነዚህን ሠራተኞች ኬንያውያን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል። በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። ጥላ ሳይኖራቸው ፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ የወጣላቸው ስም ነው። ዱሮ የሚያከብራቸው አልነበረም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ጥናት ግን እንዲህ ያለው አነስተኛ ሥራ ብዙ ሕዝብ እንደሚያኖር ለዓለም አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሬዚዳንት ሞይ ካሙኩንጂ ድረስ መጥተው ለሠራተኞቹ የሥራ መጠለያ እንዲሠራላቸው ቃል ገቡ። በ1992 ደግሞ መንግሥት ለጁዋ ካሊ የሚሆን ራሱን የቻለ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መርካቶን ያየ ሰው ምን አለሽ ተራን መቼም አይረሳም። የተጣለ ብረት እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። ያ ልጅ ካኩማ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ካሙኩንጂም ምን አለሽ ተራም ያለው ሥራ ነው። ጎረቤት «ቀጥቃጭ ሆነ» ብሎ ቢያሽሟጥጠው ደግሞ አይክፋው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ መቶ ዓመት አልፏል። እኛ ነን ያልሰማን።

አሥሩም ጣት ያላቸው ሽማግሌ

ካሙኩንጂ ያለ ሁሉ ጠንቃቃ ነው አልላችሁም። በነጠላ ጫማ ቆርቆሮ ላይ ቆሞ የሚቆርጥ ጎረምሳ አይቻለሁ። ስለዚህ በሙያው ያረጁትንና አሥሩም ጣታቸው ያለውን ፈለግኩ። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና የልጁን ነገር አጫወትኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። አንድ የቱቦ ቁራጭ አንስተው ሞርሳ ውስጥ አስገቡ፣ አጠበቁት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ጥቂት ተንቀሳቀሰ። እንደገና አጠበቁት፣ እንደገና ነቀነቁት። ፍንክች አላለም። መጋዙን ያነሱት ይኼኔ ነው።

«ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» አሉኝ። ጥድፊያ በረከት የለውም ማለታቸው ነው። የእኛም እናቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉ የለም?

የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ይህች ናት፤ ከመቁረጥ በፊት ማሰር። የእጅ መጋዝ እንደ ኤሌክትሪክ መቁረጫ በራሱ አይሽከረከርም፣ እሳትም አይረጭም። ቀርፋፋ መሣሪያ ነው። በራሱ ዘልሎ ሰው አይነክስም። የሚዘለው ዕቃው ሲንቀሳቀስ፣ ምላጩ ሲላላ ወይም ጥርሱ ቀጭን ነገር ላይ ሲነከስ ነው። ከሦስቱ ደግሞ ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው የመጀመሪያው ነው።

ምክንያቱን ልብ በሉ። የብረት መጋዝ የሁለት እጅ መሣሪያ ነው። አንዱ እጅ እጀታውን፣ ሌላው እጅ የፊቱን ጫፍ ይይዛል። አንዱን እጃችሁን ብረቱን እንዲይዝ ከሰጣችሁት መጋዙ ይዛነፋል፤ ያ እጅ ደግሞ ከጥርሱ አጠገብ ይቀመጣል። ልጁን ያቆሰለው መጋዙ ሳይሆን ሞርሳ አለመኖሩ ነው። የሞርሳን ሥራ እጁ ሠራ።

መሣሪያውን እንወቀው

አገር ቤት ጋራዥ የሠራ ሰው «ሴጌቶ» ይለዋል። ናይሮቢ ሱቅ ገብታችሁ ስትጠይቁ «ሃክሶ» በሉ። ምላጩን ብቻ ከፈለጋችሁ «ሃክሶ ብሌድ» ይባላል። ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል።

አንደኛ፦ የጥርሱ ብዛት። ምላጩ ላይ 18፣ 24 ወይም 32 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁጥር ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ጥርሱ ተራርቆ ብረቱ ከቀጠነ፣ ብረቱ በሁለት ጥርስ መካከል ይገባና ነክሶ ይይዛል። ያኔ ወይ ጥርሱ ይረግፋል ወይ መጋዙ ይዘላል። በ24 ጥርስ ምላጭ የሚቆረጥ ብረት ወፍራምነቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። በ32 ጥርስ ደግሞ እስከ 2 ሚሊሜትር ተኩል ድረስ ይወረዳል። ለወፍራም ፌሮና ለአሉሚኒየም 18 ይበቃል። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው 24ን ይግዛ። የአልጋ ቱቦ ለሚቆርጥ ልጅ ግን 32 ይሻለዋል። የአልጋ ቱቦ ግድግዳው ስስ ነው።

ሁለተኛ፦ የምላጩ ዓይነት። ጠንካራና ደረቅ የሆነ አለ፤ ጥሩ ይቆርጣል፣ ጠመም ካደረጉት ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። ጎንበስ ቀና የሚል ደግሞ አለ፤ ለጀማሪ የሚሆነው ይህ ነው። ሻጩን «የሚታጠፈውን ስጠኝ» በሉት።

ሦስተኛ፦ አገጣጠሙ። ጥርሱ ወደ ፊት፣ ማለትም ከእጀታው ወደ ውጭ ማየት አለበት። የብረት መጋዝ የሚቆርጠው ሲገፋ ነውና። ብዙ ምላጭ ላይ ቀስት ተሥሎበታል፤ ቀስቱ ወደ ፊት ይሁን። ከገጠማችሁ በኋላ ባለ ጆሮዋን ዳዶ ምላጩ ቀጥ እስኪል አጥብቁ። በጣት ስትነኩት እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ። የላላ ምላጭ ይጣመማል፣ ጠማማ ይቆርጣል፣ ይሰበራል። በፒንሳ አታጥብቁ፤ ፍሬሙ ይጣመማል። የእጅ ኃይል በቂ ነው።

ሞርሳ ለሌለው ሰው

«አንተ ናይሮቢ ሆነህ ሞርሳ ትላለህ፤ እኛ ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ በካምፕ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት ዘዴዎች እነሆ።

ሀ. የሁለት እንጨት ሞርሳ። ክንድ የሚያህሉ ሁለት ጠንካራ ጣውላዎች ፈልጉ። በሁለቱም ጫፍ በኩል አንድ አንድ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ሁለት ረጃጅም ቡሎን ከነዳዷቸው አስገቡ። ብረቱን በመካከል አድርጋችሁ ዳዶዎቹን በኪያቤ አጥብቁ። የታችኛውን ጣውላ ከጠረጴዛ ወይም ከተተከለ ወፍራም እንጨት ጋር በሚስማር አያይዙት። ለክብ ቱቦ በሁለቱም ጣውላ ላይ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ትንንሽ ጎድጓዶች ብትቀርጹ ቱቦው አይሽከረከርም።

ለ. ካላማዳሪ። አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ረጅም አድርጋችሁ ቁረጡ። ግንድ ወይም ወፍራም አግዳሚ ላይ ቦይ ቅረጹና ቱቦውን አስተኙበት። ከዚያ ካላማዳሪውን እየወጠራችሁ፣ እየደራረባችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙ። ተወጥሮ የተጠመጠመ ጎማ ከገመድ ይልቅ ይነክሳል። ከሚቆረጠው ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ እሰሩ።

ሐ. ሰው። ረጅም ብረት ሲሆን ታስሮም ቢሆን ጫፉን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። ደጋፊው ከሚቆረጠው ቦታ ራቅ ብሎ፣ ረጅሙን ጫፍ ይያዝ። ትንሽ ልጅ አቁማችሁ «እዚህ ጋ ያዝልኝ» አትበሉ። ልጅ መጋዙን ያያል እንጂ እጁን አያይም።

በየትኛውም ዘዴ እሰሩት፣ ከማሰር በኋላ የሽማግሌውን ፈተና አትርሱ፤ በሁለት እጅ መነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ደግሞም የሚቆረጠው መስመር ከማሰሪያው ከሁለት ጣት በላይ አይራቅ። ከራቀ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት ይጮኻል፣ ጥርሱም ይረግፋል።

አቆራረጡ

መስመሩን በሚስማር ጫፍ ወይም በጠመኔ አስምሩ። መጋዙ ለመጀመር እንዳይንሸራተት በሞረድ ጥግ መስመሩ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አበጁለት። ብዙ ሰው ለመጀመር አውራ ጣቱን እንደ ግድግዳ ያቆማል። አታድርጉት። ሞረድ የሌለው ሰው መጋዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ብቻ ቀስ ብሎ ይሳበው፤ ጭረት ይወጣለታል።

ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው ግራ እግሩን ወደ ፊት ያድርግ። ሲገፋ ጫን፣ ሲመልስ ለቀቅ። በመመለሻው መጫን ጥርሱን ያደነዝዛል እንጂ አይቆርጥም። በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ምልልስ ይበቃል። ሳትጣደፉ ዘፈን እያንጎራጎራችሁ ልትሠሩ የምትችሉበት ፍጥነት ማለት ነው። የምላጩን ሙሉ ርዝመት ተጠቀሙ። መካከሉን ብቻ የሚያሽ ሰው መካከሉን ያደነዝዝና «ምላጩ ቀሸም ነው» ብሎ ያማርራል።

ለብረት ጠብታ ዘይት ጥሩ ነው። ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ምላጩን ያቆያል። ለፕላስቲክ ግን አያስፈልግም።

ልትጨርሱ ስትሉ ግፊቱን ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚቆስለው መጨረሻዋ ላይ ነው። ብረቱ በድንገት ይበጠስና ያ ሁሉ ኃይል እጅን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ምልልሶች እንደ ልጅ ፀጉር ቁረጡ። የሚወድቀው ቁራጭ እግር ላይ እንዳይወድቅም አስቡ።

ምላጩ መንገድ ላይ ቢሰበርስ? አዲሱን በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡት። የአዲስ ምላጭ ጥርስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወጣ ወጣ ያለ ስለሆነ ካረጀው ምላጭ ስንጥቅ ይሰፋል፤ ተቀርቅሮ ወዲያው ይሰበራል። ብረቱን ገልብጡና ከሌላው ወገን ጀምሩ።

እንደየዕቃው

የአልጋ ቱቦና ቱቦላሬ፦ በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አትቁረጡት። መጋዙ ወደ ባዶው ሲገባ ጥርሱ የቱቦውን ስስ ግድግዳ ይነክሳል። አንዱን ግድግዳ በስታችሁ ወደ ውስጥ ሲገባ አቁሙ፣ ማሰሪያውን አላልታችሁ ጥቂት መጋዙ ወደሚገፋበት አቅጣጫ አዙሩት፣ እንደገና አስራችሁ ቀጥሉ። እንዲህ እየዞራችሁ ጨርሱ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የልጁም መጋዝ የዘለለው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

የዘይት ቆርቆሮና የጣሪያ ቆርቆሮ፦ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ በካምፕ በርም ጣሪያም ኩራዝም ሆኖ ኖሯል። ይህ ዕቃ አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ሦስት ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የመጋዝ ሳይሆን የቆርቆሮ መቀስ ሥራ ነው። መቀስ ከሌለና ግድ ከሆነ ቆርቆሮውን በሁለት ሳንቃ መካከል አጣብቃችሁ ከእንጨቱ ጋር አብራችሁ ቁረጡት። ወፍራም ጓንት፣ ከሌለም ድርብ ጨርቅ እጃችሁ ላይ ይሁን። የተቆረጠውን ጠርዝ ደግሞ እንዲሁ አትተዉት። ካሙኩንጂ የሚሠሩትን ሳጥን ተመልከቱ፤ ጠርዙ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ ተቀጥቅጧል። ለውበት ብቻ አይደለም፣ ለልጅ እጅ ነው። በራችሁ ከጣሳ ከሆነ ዛሬውኑ ጠርዙን በእጃችሁ ሳይሆን በጨርቅ ዳስሱት።

የፕላስቲክ ቱቦ፦ ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ አንድ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልሉና ጠርዙ ከጠርዙ ሲገጥም በዚያ ላይ አስምሩ። ፕላስቲክን በኃይል ካሻችሁት ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ምላጩ ላይ ይጣበቃል። ቀስ በሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ከውስጥም ከውጭም ያለውን ፍቅፋቂ በቢላ ጥረጉ። ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ በውሃ ተገፍቶ ቧንቧውን ይደፍናል። የተረፈውን ቁራጭ እሳት ውስጥ አትጨምሩ። የፒቪሲ ጭስ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ አለበት፤ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ የሚገባ ነገር አይደለም።

ጀሪካን፦ ሞልሞላና ተንከባላይ ስለሆነ እጅ ያታልላል። ከታች አሸዋ ጨምሩበትና በሁለት ድንጋይ መካከል አስቀምጡት፤ አይንከባለልም። ፍሬሙ አላስገባ ካለ ምላጩን ብቻ አውጥታችሁ አንድ ጫፉን በተሰነጠቀ እንጨት ውስጥ አስገብታችሁ በሽቦ እሰሩት። ባዶ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ግን አይበቃም፤ ጨርቁን ይበላዋል። ያለ ፍሬም ስትሠሩ ጥርሱን ወደ እጀታው አዙሩት። ስትስቡ ይቆርጣል፣ ምላጩም አይጎብጥም።

መጋዝ የማይነካቸው

እነዚህን ለምንም ያህል ገንዘብ አትቁረጡ።

• ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ የነበረበት በርሜል። ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።
• የጋዝ ሲሊንደርና የሚረጭ ጣሳ። ታፍኖ የቀረ ግፊት አለበት።
• የመኪና ባትሪ። አሲዱ ዓይን ያጠፋል፣ እርሳሱ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።
• የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን። ቢታጠብም የምግብና የውሃ ዕቃ አይሆንም።
• አሮጌ የኤተርኒት ጣሪያ። ብናኙ ውስጥ ያለው አዝቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል።
• ሜዳ ላይ የተገኘ፣ ምን እንደሆነ የማታውቁት ብረት። የጦር መሣሪያ ቅሪት ሊሆን ይችላል። አትንኩት፣ ምልክት አድርጉና ለኃላፊዎች ተናገሩ።
• ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ። ከጄኔሬተር የሚመጣ መስመርም ቢሆን ይገድላል።
• የጋራ የውሃ መስመር። እናንተ ስትቆርጡ የሌላው ብሎክ እናት ወረፋ ላይ ትውላለች። ለውሃ ኮሚቴው ተናገሩ።

ሥራው ሲያልቅ፣ ወይም ሲቆስል

የብረት ብናኝ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት መሬት ላይ አይቅር። ከመጀመራችሁ በፊት ከሥር ካርቶን ወይም ማዳበሪያ አንጥፉ፤ ሲያልቅ ጠቅልላችሁ ጣሉት። ብናኙን በአፍ እፍ አትበሉ፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከተገኘ መነጽር አድርጉ። የተሰበረ ምላጭ በጣሳ ውስጥ ይጠራቀም። በኩራዝ ብርሃን አትቁረጡ። የሰው ዓይን ከደከመው መጋዙም ደክሞታል።

ዓይን ውስጥ ብናኝ ከገባ አትሹት። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ካልወጣ፣ ወይም ተሰክቶ ከታየ በጣታችሁም በጨርቅም አታውጡት፤ ዓይኑን ሸፍናችሁ ክሊኒክ ሂዱ።

እጅ ከተቆረጠ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉት። ቶሎ ቶሎ እየገለጣችሁ «ቆመ ወይ?» አትበሉ። ቀለል ያለ ከሆነ ሲቆም በውሃና በሳሙና እጠቡት። ቡና አትነስንሱበት፣ አመድም ጋዝም አታድርጉበት። እናቶቻችን በቅን ልቡና ያደርጉት ነበር፤ ቆሻሻ ወደ ቁስሉ ማስገባት ነው። ቁስሉ ከጠለቀ፣ ደሙ አልቆም ካለ ወይም ጣት መታጠፍ ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። መንጋጋ ቆልፍ፣ ቴታነስ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከዝገት ይመስለናል። ጀርሙ የሚኖረው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ነው፤ በጥልቅና በቆሻሻ ቁስል ይገባል። የሚከላከለው ክትባት ነው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ስለሚከተቡ ብዙዎቹ ይጠበቃሉ። እኛ ወንዶች ግን ብዙዎቻችን ከሕፃንነት በኋላ መርፌ ያየነው መቼ እንደሆነ አናስታውስም። መጋዝ የሚይዘውም እኛ ነን። ሳትቆስሉ ክሊኒክ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከቆሰላችሁም ስለ ቴታነስ ክትባት ሳትጠይቁ አትመለሱ።

ለእናታችን መልስ

እናታችን ሆይ፣ መጋዙን አይሽጡት። አይደብቁትም። ቢደብቁት ልጁ ከጓደኛው ተውሶ፣ እርስዎ በማያዩት ቦታ፣ እንደገና ጉልበቱ ላይ ይቆርጣል።

ይልቁንስ ሁለት ጣውላና ሁለት ቡሎን ይፈልጉለት። ከስኳሩ ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ቢጎድል ነው። የመጀመሪያ ሥራው ለራሱ የእንጨት ሞርሳ መሥራት ይሁን። ሲጨርስ አጠገቡ ይቁሙና «እስቲ ነቅንቀው» ይበሉት። ፍንክች ካላለ ይቁረጥ። ከተንቀሳቀሰ እናት ናቸውና ይቆጡት።

በብሎካችሁ የሚቆርጡ፣ የሚጠግኑ ሌሎች ካሉ ደግሞ አምስት ስድስት ሆናችሁ ዕቁብ ጣሉና አንድ እውነተኛ የብረት ሞርሳ ግዙ። ጉዳይ ኖሮት ናይሮቢ የሚመጣ ሰው ከጊኮምባ ያገለገለ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ጥላ ባለበት በአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ይተከል፤ ሁሉም ይሥራበት። አንድ ሞርሳ የብዙ ልጆችን እጅ ይጠብቃል። ጎረምሶቹም በአንድ ቦታ ሲሠሩ ታላቁ ለታናሹ ያሳየዋል። ሙያ የሚተላለፈው እንዲህ ነው።

ስደተኛ ከአገሩ ብዙ ነገር ጥሎ ይወጣል። እጁን ግን ይዞት ይወጣል። እሱን እንጠብቀው።

በሚቀጥለው፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ያቆየነውን የከሰል ምድጃ እንሠራለን። እስከዚያው የሁለት እንጨት ሞርሳ የሠራችሁ ልጆች እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልን፤ የተሻለ ዘዴ ያላችሁም አካፍሉን። ቸር ያሰማን።